የቫይኮም መንገድ

በደቡብ ሕንድ በኬረላ፣ ቫይኮም በምትባል ከተማ የታወቀ የሺቫ ቤተ መቅደስ አለ። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ኻራ የተባለ ጭራቅ ከሺቫ የተቀበላቸውን ሦስት ቅዱሳን ድንጋዮች በሁለት እጆቹና በጥርሱ ይዞ ሲጓዝ አንዱን እዚህ አኖረ። በኅዳር ግድም በሚውለው የአሽታሚ በዓል ተሳላሚው ይጎርፋል።

ከመቶ ዓመት በፊት ግን በትውልዳቸው እንደ ርኩስ የተቆጠሩ ሂንዱዎች ወደ መቅደሱ መግባት ይቅርና በዙሪያው ባለው መንገድ እንኳ ማለፍ አይችሉም ነበር። በማርች 30 ቀን 1924 ሦስት ሰዎች፣ አንዱ ከተከበረው ወገን ሁለቱ ከተናቁት፣ አብረው ወደዚያ መንገድ ሄዱና ታሰሩ። ሌሎችም ተከተሏቸው። ሰላማዊው ትግል ከ600 ቀናት በላይ ቆየ፤ በ1925 ጋንዲም መጣ። በዚያው ዓመት አብዛኛው መንገድ ተከፈተ፤ የመቅደሱ በር ግን የተከፈተው በ1936 በንጉሡ አዋጅ ነው።

በዚያ መንገድ ክርስቲያን ያልፍ ነበር። ይህ ግን አያስመካንም። በኬረላ አብያተ ክርስቲያናትም ከተናቀው ወገን የመጡ አማኞች ለብቻቸው የሚቀመጡበት፣ ለብቻቸውም የሚያመልኩበት ቦታ ብዙ ነበርና።

እንግዲህ ያዕቆብ ምዕራፍ 2ን አንብቡ። ከዚያም በጉባኤያችሁ ዞር ብላችሁ ተመልከቱ፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ያጣው ማን ነው?