ፊሸር ልማዱን የሻረበት ጨዋታ

ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ የአይስላንዷ ሬይኪያቪክ። አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸርና የሶቪየቱ የዓለም ሻምፒዮን ቦሪስ ስፓስኪ እኩል 2 ነጥብ ተኩል ይዘው ለዓለም የቼዝ ሻምፒዮና ግጥሚያቸው 6ኛ ጨዋታ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ተሸንፎ ሁለተኛውን በፎርፌ የጣለ፣ እስከ ሦስተኛው ድረስም ስፓስኪን አንድ ጊዜ እንኳ ረትቶ የማያውቅ ሰው እኩል መድረሱ ራሱ ጉድ ነበር።

ነጭ የያዘው ፊሸር ነው። ዕድሜ ልኩን ጨዋታ የሚከፍተው የንጉሡን ወታደር ወደ ኢ4 በመግፋት ነበር፤ ሌላውን የሚሞክረው ከስንት አንዴ ነው። ያን ዕለት ግን ወታደሩን ወደ ሲ4 ገፋ። ጥቂት እርምጃ ሳይሄዱ ጨዋታው ወደ ንግሥት ጋምቢት ዞረ፤ ስፓስኪም አብዝቶ የሚተማመንበትን የታርታኮወር መከላከያ መረጠ። ባላጋራን በገዛ ደጁ መግጠም ድፍረት ይጠይቃል።

በ14ኛው እርምጃ ፊሸር ጳጳሱን ቢ5 ላይ አሳረፈ። ሐሳቡ የእሱ አልነበረም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሴሚዮን ፉርማን በኤፊም ጌለር ላይ ተጫውቶታል። የሚያስገርመው፣ ጌለር በሬይኪያቪክ የስፓስኪ ረዳት ሆኖ ተገኝቷል። መልሱንም፣ ማለትም ንግሥቷን ወደ ቢ7 ማንሳትን፣ አስቀድሞ ለሻምፒዮኑ አሳይቶት እንደነበር በቼዝ ሰዎች ዘንድ ይነገራል። ስፓስኪ ግን በኤ6 ወታደር መለሰ። በእኔ ግምት ጨዋታው ያዘነበለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ የነጩ የመሐል ወታደር ኢ4፣ ኢ5፣ ኢ6 እያለ ዘልቆ ጥቁሩን ለሁለት ከፈለው። ስፓስኪ ከ32ኛው እስከ 36ኛው እርምጃ ንግሥቷን በኢ8ና በዲ8 መካከል ከማመላለስ በቀር የሚሠራው አጣ። ፊሸርም አልቸኮለም፤ ግንቦቹን አንድ በአንድ ሲያሰናዳ ቆይቶ በ38ኛው እርምጃ በአንዱ ግንብ ኤፍ6 ላይ የቆመውን ፈረስ በላ። ግንቡ ቢበላም ሁለተኛው ተተካ። በ41ኛው እርምጃ ስፓስኪ እጁን ሰጠ።

አዳራሹ በጭብጨባ ሲሞላ ተሸናፊውም አብሮ አጨበጨበ። በዚያ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን፣ መንግሥታት በየፊናቸው ውጤት ሲጠብቁ፣ ይህን ለማድረግ ትልቅ ሰው መሆን ያስፈልጋል።

ፊሸር ከዚህ ጨዋታ በኋላ መሪነቱን ሳይለቅ ነሐሴ 26 ቀን 12 ተኩል ለ8 ተኩል አሸንፎ ዘውዱን ወሰደ። በማግስቱ ዓመት ሆላንድ ውስጥ፣ ሂልቨርሰም ላይ፣ ያን ቲማን ያንኑ የቢ5 ጳጳስ በጌለር ላይ ሞከረ። ጌለር ንግሥቷን ወደ ቢ7 አንስቶ አሸነፈው።