የሊማሊሞ ትምህርት፤ ነዳጅ ቁጠባና የመንገድ ጨዋነት በሰሜን ጎንደር ደጋ

ነዳጅን መቆጠብ የኪስ ጉዳይ፣ ለሌላው ተጓዥ መንገድ መልቀቅ ደግሞ የጠባይ ጉዳይ እየተባለ ለየብቻ ሲነገር ይሰማል። ስለ መጀመሪያው የድርጅቱ ሒሳብ ሹም፣ ስለ ሁለተኛው የትራፊክ ፖሊስ ብቻ የሚያስብበት ይመስላል። በሰሜን ጎንደር ደጋ የመኪና ታሪክ ውስጥ ግን ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም። ከጎንደር ተነሥቶ የወገራን ሜዳ አቋርጦ፣ ከደባርቅ አፋፍ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማ የሚወርደው መንገድ ለሾፌር የሚሰጠው ትምህርት አንድ ነው። ይኸውም አርቆ የሚያይ ነጂ ናፍጣውንም ባልንጀራውንም ይጠብቃል፤ አርቆ የማያይ ግን ሁለቱንም ያባክናል የሚል ነው። ይህ ትምህርት እንዴት እንደ ተገኘና ዛሬ ለምን እንደሚያስፈልግ መመርመር ለሙያው ባልደረቦች ሁሉ ይጠቅማል።

ከበቅሎ ኮቴ እስከ ጎማ

ሊማሊሞ መኪና ከመምጣቱ በፊትም የአገሪቱ ታላቅ በር ነበር። ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚጓዘው የሲራራ ነጋዴ ጨርቁንና ሸቀጡን በበቅሎና በአህያ ጭኖ የሚወጣው በዚሁ ዳገት ነበር። እስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ይህንኑ ዳገት ወጥቶ ነው። በዚያ ጠባብ የእግር መንገድ ላይ ወጪና ወራጅ ሲገናኙ አንዱ ጥግ ይዞ ሌላውን ሳያሳልፍ ጉዞ አይቀጥልም ነበር። ስለዚህ መንገድ መልቀቅ በሊማሊሞ ከሞተር ጋር የመጣ አዲስ ሕግ አይደለም፤ ቦታው ራሱ የደነገገው ነው።

በብዛት የተሰለፈ መኪና ጎንደር የገባው በጦርነት ነው። የፋሺስት ኢጣሊያ ባለሥልጣን አኪሌ ስታራቼ የመራው ባለሞተር ሠራዊት በስተ ምዕራብ ከሰቲት ወንዝ በኩል ተጉዞ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ያዘ። በዚያ ጊዜ ሊማሊሞ የመኪና መንገድ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ወራሪው ኃይል አሥመራን ከጎንደር ለማገናኘት ሲል ገደሉን እየፈለጠ፣ ድንጋዩን እየካበ፣ በደርዘን የሚቆጠሩ እጥፋቶች ያሉትን መንገድ አሠራ። መንገዱ የተሠራው ለመግዛትና ጦር ለማመላለስ ነበር እንጂ ለአገሬው ጥቅም ታስቦ አልነበረም። በ1934 ዓ.ም. መጀመሪያም ይኸው አፋፍ የጦርነቱ ቁልፍ ስፍራ ሆነ። የወልቅፊት ምሽግ መስከረም 18 ቀን፣ ጎንደር ደግሞ ኅዳር 18 ቀን ከጠላት እጅ ወጡ።

ከነፃነት በኋላ በጦርነቱ የተጎዱትን መንገዶች የመጠገኑ ሥራ ለአገሪቱ ከባድ ሸክም ነበር። በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለመንገድ የተገኘው 5 ሚሊዮን ዶላር ብድርና በዚያው ዓመት የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የዚህ ሥራ መነሻ ናቸው። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ተሽከርካሪ ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ መስመር ተዛወረ። እንዲህ ያለው ለውጥ በሕግ ቢታወጅም ሊፈጸም የሚችለው አንዱ ነጂ ሌላውን በትዕግሥት ሲጠብቅ ብቻ መሆኑ ግልጽ ነው።

የሙያው ቋንቋ

ሙያው ከየት እንደ መጣ የሾፌሩ ቋንቋ ይመሰክራል። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ኮፋኖ፣ ፍሬቻ፣ ፖምፓ፣ ናፍጣ፣ ታርጋ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው፤ መኪና የሚለው ቃልም እንደዚሁ ነው። የአነዳዱ ጨዋነት የሚነገርበት ቃል ግን የአገር ነው፤ ቅድሚያ ስጥ፣ አሳልፈው፣ ጥግ ያዝ ይባላል። ብረቱ ከውጭ ሲመጣ ሥርዓቱ ከሲራራ ነጋዴው መንገድ የቀጠለ ያህል ነው።

ለረጅም ዘመን የኢትዮጵያን ከባድ ጭነት የተሸከመው ፊያት «ኤን ትሬ» ለዚህ ሥርዓት ጥሩ ምሳሌ ነው። የዚያ ዘመን የጣሊያን ከባድ መኪናዎች በብዛት መሪያቸው በቀኝ በኩል ነበር። ምክንያቱም በተራራ መንገድ ላይ ነጂው የመንገዱን ጠርዝና ገደሉን በዐይኑ እንዲያይ ነው። በቀኝ መስመር በሚነዳበት አገር ግን እንዲህ ያለው ነጂ ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም ሲፈልግ መንገዱ ይጋረድበታል። ስለዚህ በግራ በኩል የተቀመጠው ረዳት ዐይን ሆነው፤ ከፊት ያለው ሾፌርም መንገዱ ነፃ መሆኑን በፍሬቻ ወይም በእጁ ምልክት አሳየው። ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይዘላል፤ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ጎማው ሥር ይወትፋል። በዚህ መንገድ ማንም ሾፌር ብቻውን አይነዳም ነበር ማለት ይቻላል።

የዳገቱ ሒሳብ

ለሚወጣው መኪና የሚወርደው ቅድሚያ ይስጥ የሚለው ደንብ በብዙ አገር የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተዘጋጀው የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም፣ ሁለት መኪና ለመተላለፍ በሚቸገርበት ተራራማ መንገድ ላይ ወራጁ ጥግ ይዞ ወጪውን እንዲያሳልፍ ይደነግጋል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቸርነት ይቈጥረዋል፤ ነገሩ ግን ሒሳብም ነው።

ከነጭነቱ 20 ቶን የሚመዝን መኪና ከዛሪማ ተነሥቶ ደባርቅ ሲደርስ ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ይወጣል። የመንገዱና የነፋሱ ተቃውሞ ሳይቈጠር፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ ከ20 ሊትር የሚበልጥ ናፍጣ ያቃጥላል። ስለዚህ የሚወጣው ሾፌር እያንዳንዷን እርምጃ በናፍጣ ይገዛታል። ዳገት መካከል ከቆመ በአንደኛ ማርሽ መነሣት፣ ፍሪሲዮኑን ማቃጠል፣ ምናልባትም ወደ ኋላ መንሸራተት ይጠብቀዋል። ወራጁ ቢቆም ግን ያጣውን ፍጥነት ቁልቁለቱ ያለ ዋጋ ይመልስለታል። እንግዲህ ወራጁ ሲቆም የሚከስረው ጥቂት፣ ወጪው ሲቆም የሚከስረው ብዙ ነው። ጨዋነት የሚባለው እዚህ ላይ የሁለቱን ኪሳራ ደምሮ ትንሹን መምረጥ ነው።

በወገራ ሜዳም ሒሳቡ አይለወጥም። ይኸው 20 ቶን መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቆይቶ አንድ ጊዜ ፍጹም ቢቆም፣ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ለመመለስ ከአንድ ሊትር አምስተኛውን እጅ ያህል ያቃጥላል። ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት ያለው መንገድ በገበያ ቀን በከብትና በእግረኛ ይሞላል። መንጋውን ከሩቅ አይቶ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ቀድሞ የሚያነሣ ሾፌር ሳይቆምና ጥሩምባ ሳይነፋ ያልፋል። አጠገቡ እስኪደርስ ሮጦ ፍሬን የሚረግጠው ግን ከብቱን ያስበረግጋል፣ እረኛውን ያስደነግጣል፣ ናፍጣውንም ያፈስሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ደጋው የአየሩን ዋጋም ይጨምርበታል። በምጽዋ ባሕር ዳርቻ ያለው የአየር ግፊት 100 ቢባል፣ ጎንደር ላይ 77 ገደማ፣ ደባርቅ ላይ 70 ገደማ ይሆናል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ስለዚህ የሚስበው አየር ያንሰዋል። የናፍጣው ፖምፓ ለቆላ እንደ ተስተካከለ ከቀረ የተረፈው ነዳጅ በሚገባ ሳይነድ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ይህ ጭስ ለባለ ንብረቱ የባከነ ገንዘብ፣ ከኋላ ለሚከተለው ነጂ መጋረጃ፣ በመንገዱ ዳር ለሚሄደው ሰው መርዝ ነው። መካኒኩ ፖምፓውን ሲያስተካክል ለሦስቱም ውለታ ይሠራል።

ነዳጅ የታሪክ ጉዳይ ሲሆን

ነዳጅ ከሾፌሩ ኪስ አልፎ የአገር ጉዳይ መሆኑን ኢትዮጵያ በ1966 ዓ.ም. በግልጽ አየችው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ከተነሣ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ የድፍድፍ ዘይት ዋጋ በበርሜል ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ገደማ ደረሰ። ኔዘርላንድና ምዕራብ ጀርመን በእሑድ ቀን መኪና መንዳትን ከለከሉ፤ አሜሪካም የአውራ ጎዳናዎቿን የፍጥነት ወሰን በሰዓት 55 ማይል አደረገች። በአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ ሲጨመር የታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ። ጭማሪው በከፊል ቢቀነስም ነገሩ በዚያ አልቆመም፤ ከመምህራኑና ከወታደሩ ጥያቄ ጋር ተደምሮ ዘውዱን እስከ መጣል ደረሰ።

በ1959 ዓ.ም. የተከፈተው የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ሥራ ካቆመ ወዲህ አገሪቱ የምትጠቀምበት ቤንዚንና ናፍጣ ተጣርቶ ከውጭ የሚገባ ነው። አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ይመጣል፤ በ1990ዎቹ ዓመታት ከሱዳን በመተማ በኩል ቤንዚን ማስገባት በተጀመረ ጊዜ ደግሞ ጎንደር የቦቴዎች መተላለፊያ ሆናለች። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮም የነዳጅ ድጎማ ቀስ በቀስ እየተነሣ የማደያው ዋጋ ወደ ዓለም ገበያ ዋጋ እንዲጠጋ ተደርጓል። ደባርቅ ላይ በከንቱ የተቃጠለ አንድ ሊትር እንግዲህ በውጭ ምንዛሪ የተገዛና ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በቦቴ የተጓዘ ሊትር ነው።

ሐሰተኛው ቁጠባ

ነዳጅ በተወደደና በጠፋ ቁጥር አንድ አደገኛ ልማድ ብቅ ይላል፤ ይኸውም ቁልቁለትን በዜሮ ማርሽ ወይም ሞተር አጥፍቶ መውረድ ነው። በጎንደር ከተማ ከፒያሳ በሚወርዱት መንገዶች ባጃጅ የሚነዳ ወጣትም፣ በሊማሊሞ ከባድ ጭነት የያዘ ሾፌርም በዚህ ሊፈተን ይችላል። ሾፌሩ ቆጠብሁ ይላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው።

አንደኛ፣ የናፍጣ ሞተር ማርሽ ውስጥ እንዳለ ከነዳጅ መስጫው ላይ እግር ሲነሣ ቁልቁለቱ ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል፤ ፖምፓውም ናፍጣ መስጠቱን ያቆማል። በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሲል ያለ ማቋረጥ ናፍጣ ይጠጣል። ስለዚህ በማርሽ መውረድ ይበልጥ ይቆጥባል። ሁለተኛ፣ ሞተር ሲጠፋ የአየር ፍሬኑን የሚሞላው ኮምፕሬሰር ይቆማል፤ በጋኑ ያለው አየርም ጥቂት ጊዜ ሲረገጥ ያልቃል። ሦስተኛ፣ ሞተሩ ያልያዘውን ክብደት ሁሉ ፍሬኑ ብቻውን ይሸከማል። 20 ቶን ከደባርቅ እስከ ዛሪማ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ቢሆን፣ ከ100 ሊትር የሚበልጥ ውሃ አፍልቶ ወደ እንፋሎት ይለውጣል። እንዲህ ያለ ሙቀት የተጫነበት ፍሬን ይግላል፣ ኃይሉ ይደክማል፣ በመጨረሻም አይዝም። ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚለው የሾፌሮች ምክር መሠረቱ ይህ ነው።

በሐሰተኛ ቁጠባ የሚጎዳውም አጥፊው ብቻ አይደለም። ፍሬን የከዳው መኪና በእጥፋቱ ላይ የሚያገኘው እየወጣ ያለውን አውቶቡስ ወይም ከገበያ የሚመለሰውን ሰው ነው። እዚህ ላይ የነዳጅ ጉዳይና የሰው ሕይወት ጉዳይ አንድ ይሆናሉ።

የተለወጠው መንገድ

በ2000ዎቹ ዓመታት ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ አስፋልት ለብሷል። ይህ ታላቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን ጠባቡና ድንጋያማው መንገድ በግድ ያስተምረው የነበረውን ሥርዓት አስፋልቱ አያስተምርም። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የጎንደርና የደባርቅ ጉዞ በሰዓት በ80 ፈንታ በ100 ቢነዱት የሚተርፈው ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው፤ የነፋሱ ተቃውሞ ግን ከግማሽ በላይ ይጨምራል። በዚያች ሩብ ሰዓት ምክንያት በእጥፋት ላይ የሚቀድም፣ የመጪውን ዐይን በረጅም መብራት የሚያጠፋ፣ እግረኛውን ከአስፋልቱ የሚያስዘልል ነጂ ቁጥሩ ጥቂት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ አንድ ትንሽ ነገር የሙያውን ጨዋነት ትመዝናለች። መኪና ሲበላሽ ሾፌሮች ከኋላ የሚመጣውን ለማስጠንቀቅ ድንጋይና ቅጠል በመንገዱ ላይ ይደረድራሉ። ይህ መልካም ልማድ ነው። ጥገናው ካለቀ በኋላ ድንጋዩን እዚያው ትቶ መሄድ ግን ማስጠንቀቂያውን ወደ ወጥመድ ይለውጠዋል። በሌሊት በሊማሊሞ እጥፋት ላይ የተተወ ድንጋይ ለሚቀጥለው መኪና አንድም ፍሬን ረግጦ ዳገት ላይ መቆም፣ አንድም መሪ ጠምዝዞ ወደ ገደሉ መጠጋት ነው። ድንጋዩን ለማንሣት የሚፈጀው ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

እንግዲህ የማሠልጠኛ መምህራን፣ የጋራዥ ኃላፊዎችና የትራንስፖርት ድርጅት መሪዎች ለአዲሱ ሾፌር ሁለቱን ትምህርቶች በአንድ ላይ ቢያስተምሯቸው ድካማቸው ይቀልላል። በማርሽ መውረድን፣ ቀድሞ እግር ማንሣትን፣ ለወጪ መንገድ መልቀቅን፣ ፖምፓን ለደጋ ማስተካከልን፣ ድንጋይን ማንሣትን በአንድ ላይ የተማረ ሾፌር የናፍጣው መዝገብ ሲቀንስ ያያል። መዝገቡ የማይጽፈውን ትርፍ ደግሞ በዳገቱ መካከል ሳይቆም ያለፈው ሌላው ሾፌር ያውቀዋል።