የደጁ ቋንቋ፤ ስለ ዲላ ከፍተኛ ትምህርት ቤትና ስለ ቋንቋ ፈተና

የትምህርት ቤት ሁሉ ደጅ በቋንቋ የተሠራ ነው። ወደ ውስጥ ለመግባት የሚፈልግ ሰው ምንም ያህል አስተዋይ ቢሆን፥ በደጁ የሚነገረውን ቋንቋ ካላወቀ ያለውን ዕውቀት የሚገልጥበት አንደበት አያገኝም። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ በየአገሩ የነበሩ የዕውቀት ቤቶች የተማሪውን ቋንቋ ይመዝኑ ነበር። ይህም ምዘና ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የደጅ ፈተና ነው፤ ይኸውም የሚገባውንና የሚመለሰውን የሚለይ ነው። ሁለተኛው የመደብ ፈተና ነው፤ ይኸውም የገባው ተማሪ በየትኛው መደብ ተቀምጦ ትምህርቱን እንዲጀምር የሚለይ ነው። ሁለቱ በስም ይመሳሰላሉ እንጂ በሥራ የተራራቁ ናቸው፤ አንዱ ይመልሳል፥ ሁለተኛው ያስቀምጣል። በጌዴኦ አገር በዲላ ከተማ የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የእነዚህን የሁለቱን ልዩነት ለመመርመር የተመቸ ነው።

በአገራችን የቆየው ሥርዓት የመደብን ፈተና ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የቅኔ ተማሪ ወደ ጉባኤ ሲገባ የአፍ መፍቻው አማርኛ ወይም ትግርኛ ወይም ሌላ እንጂ ግእዝ አልነበረም፤ ግእዝ የሕዝብ መነጋገሪያ መሆኑ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋልና። ቢሆንም መምህሩ፥ ግእዝ የማይናገር አይግባ ብሎ ደጁን አልዘጋም። ፊደል የቈጠረውንና ዳዊት የደገመውን ተቀብሎ፥ ግሱንና አገባቡን እያስጠና፥ በመጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ያስቈጥረዋል፤ ቀጥሎም ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ፥ ከዚያም በየደረጃው እያወጣ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ያደርሰዋል። ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም በዚያው ሰዓት ያርመዋል። ፈተናውና ትምህርቱ በአንድ ቀንና በአንድ ስፍራ ነበሩ። የጉባኤ ቃና ተማሪ፥ መወድስ አልቈጠርህም ተብሎ ከጉባኤው አልተባረረም፤ በመደቡ ተቀምጦ ተማረ እንጂ። ይህን ማለት ሥርዓቱ ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ዓመታትን ይፈጅ ነበር፥ ብዙው ተማሪም በችጋርና በሕመም ከመንገድ ይቀር ነበር። ነገር ግን መመዘንንና ማስተማርን አልለያየም።

በአውሮፓም ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። የቀደሙት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የሚያስተምሩት በላቲን ነበር፤ ላቲን ግን የማንም ልጅ የእናት ቋንቋ አልነበረም። ዛሬ ዓለም ሁሉ በቋንቋው የሚመዘንለት የእንግሊዝ ሕዝብ ራሱ በባዕድ ቋንቋ ሲመዘን ኖሯል። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ግሪክን የተማሪ ሁሉ ግዴታ ማድረጉን የተወው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1920፥ ላቲንን የተወው ደግሞ በ1960 ነው። ሆኖም በዚያ አገር ከዩኒቨርሲቲው ደጅ በታች የላቲን ሰዋስው የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ለብዙ መቶ ዓመታት ተተክለው ነበርና፥ የተፈተነው ልጅ የተፈተነበትን ቋንቋ አስቀድሞ ተምሮት ነበር።

ወደ አገራችን ዘመናዊ ትምህርት ስንመለስ የደጁ ቋንቋ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ብዙ ጊዜ መለዋወጡን እናያለን። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ የመጡ መምህራን ነበሩት፤ የውጭ ቋንቋዎችም የትምህርቱ ዋና ክፍል ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛን አስቀደመ። ጠላት ከአገር ከወጣበት ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳይኛ ስፍራውን ለእንግሊዝኛ ለቀቀ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ፤ በዚያም ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በለንደን ለሚዘጋጀው ፈተና ይቀመጡ ነበር። እንዲህም ስለ ሆነ፥ በግእዝ ተምሮ ያደገ አባት ልጁን በፈረንሳይኛ፥ የልጅ ልጁን በእንግሊዝኛ ሲማር ለማየት በቃ።

ይህ ሁሉ የሆነው በመጀመሪያ በመናገሻው ከተማ ነው። ጌዴኦ ግን ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ፥ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ዳገት ላይ ያለ አገር ነው፤ ከተማው ዲላም ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሕዝቡ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትንና ቡናን አሰባጥሮ የሚተክል፥ ነገሩን በሶንጎ ተቀምጦ የሚመክር፥ በባሌ ሥርዓት በትውልድ ተራ የሚተዳደር ነው። ቋንቋው ጌዴኡፋ ከሲዳምኛ፣ ከሀዲይኛና ከከምባትኛ ጋር በአንድ የኩሽ ቤተ ሰብ ይቈጠራል። በቀድሞው መንግሥት ጽሑፍ አገሩ ደራሳ ይባል ነበር። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ በሆነ ጊዜ፥ የጌዴኦ ልጅ በቤቱ ጌዴኡፋ፥ በአንደኛ ደረጃ አማርኛ፥ በሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ይናገር ዘንድ ግድ ሆነበት። ለአዲስ አበባ ልጅ አንድ የነበረው ደጅ ለእርሱ ሁለት ሆነ።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ ለማስተማሪያ ከተመረጡት 15 የአገር ውስጥ ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኡፋ ነበር፤ ያን ጊዜም በግእዝ ፊደል ተጻፈ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፥ የሁለተኛና የከፍተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ። ከዚህም የተነሣ ጌዴኡፋ በታችኞቹ ክፍሎች ማስተማሪያ ሆነ፥ ጽሕፈቱም ወደ ላቲን ፊደል ዞረ። ይህ ለልጁ ታላቅ በጎ ነገር ነበር፤ ፊደልን በእናቱ ቋንቋ ማወቅ ጀመረና። ነገር ግን ወደ እንግሊዝኛ መሻገሪያው ድልድይ ገና አልተሠራም ነበር።

ድልድዩ ለምን እንደሚያስፈልግ ጥቂት ምሳሌ ይበቃል። በጌዴኡፋም በአማርኛም ግስ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቀመጣል፤ በእንግሊዝኛ ግን ከባለቤቱ ቀጥሎ ይመጣል። ስለዚህ የጌዴኦ ተማሪ ቃላቱን ሁሉ ቢያውቅም እንኳ ዐረፍተ ነገሩን እንደገና አፍርሶ መሥራት ይኖርበታል። ፊደሉም ቢሆን መልኩ አንድ፥ ድምፁ ግን ሌላ ነው። ከጌዴኦ ጋር የሚጎራበቱት ኦሮሞና ሲዳማ በላቲን ሲጽፉ ሲ የምትባለዋ ፊደል የጨን ድምፅ፥ ኤክስ የምትባለዋም የጠን ድምፅ ትይዛለች። በዚህ የለመደ ልጅ ድመት ማለት የሆነውን የእንግሊዝ ቃል እንደ ቤቱ ፊደል ቢያነብ «ጨት» ይላል እንጂ «ካት» አይልም። ልጁ አልተሳሳተም፤ የተማረውን በትክክል አነበበ። የሁለቱን ልዩነት ለይቶ የሚያሳየው መምህር ካላገኘ ግን በፈተና ቀን ሰነፍ ይባላል።

በዚህ መካከል በፈረንጆች አቈጣጠር በ1996 የዲላ የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተቋቋመ። በ1992 ዓ.ም. የደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ከሐዋሳና ከወንዶ ገነት ኮሌጆች ጋር የእርሱ ክፍል ሆነ፤ በኋላም በፈረንጆች 2006 ራሱን ችሎ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ አንዲቱን ነገር ልብ በል፤ ይህ ቤት ሲጀመር ከተሰጡት ሥራዎች የመጀመሪያው መምህራንን ማውጣት ነበር። ይህችም ነገር ወደ ፊት ለምንናገረው መሠረት ናት።

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ማስተማሪያ እንግሊዝኛ መሆኑን የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቍጥር 1152/2011 ደግሞ አጽንቶታል፤ ከዚህ የሚለየው ስለ ሌሎች ቋንቋዎች የሚሰጠው ትምህርት ነው። ለመግቢያ የሚሰጠውም የ12ኛ ክፍል ፈተና በእንግሊዝኛ ይጻፋል። እንግዲህ እንግሊዝኛ የሚፈተነው ስሙ በተጻፈበት ወረቀት ብቻ አይደለም። የታሪክ ጥያቄም፥ የጂኦግራፊም፥ የሥነ ሕይወትም ጥያቄ በስውር የቋንቋ ጥያቄ ነው። ስለ ቡና ተክልና ስለ ጥላ ዛፍ ከአባቱ ማሳ ብዙ የተማረ የጌዴኦ ልጅ፥ ያንኑ ነገር በእንግሊዝኛ ተጠይቆ ዝም ቢል፥ ዝምታው አለማወቅ ነው ወይስ አለመስማት? ወረቀቱ ይህን አይለይም።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቍጥጥር ተሰጠ። በጥር ወር ውጤቱ ሲነገር ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ፈተና 3.2 ከመቶ ሆኑ። ይህ ሁሉ ከቋንቋ የተነሣ ነው ማለት እውነትን ማጣመም ይሆናል፤ የመጻሕፍት እጥረት፥ ወረርሽኝና ጦርነትም ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን ማንም ሰው ቋንቋው ድርሻ አልነበረውም ብሎ ሊከራከር አይችልም።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ነገር ለዚህ ታሪክ አስፈላጊ ነው። መንግሥት ካላለፉት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸውን መርጦ ሪሜዲያል በተባለው የማካካሻ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች አስገባቸው፤ እንግሊዝኛም ከሚማሯቸው ትምህርቶች አንዱ ሆነ። ቀደም ሲል በ1996 ዓ.ም. ገደማ ቀርቶ የነበረው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርትም በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ ነበር፤ በእርሱም ውስጥ ሁለት የእንግሊዝኛ መግባቢያ ትምህርቶች ይሰጣሉ። ይህ ሁሉ ሳይታወቅ ወደ መደብ ፈተና የመመለስ መንገድ ነው። ደጁ ላይ የወደቀውን አንሥቶ በመደብ ማስቀመጥ ተጀምሯልና። ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመውጫው ደግሞ ሌላ ፈተና ቆመ፤ አራት ዓመት ትምህርቱን ሳይሰማ የኖረ ተማሪ ቢኖር፥ በመግቢያው ያለፈው ግንብ በመውጫው ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዳንዶች ፈተናው ይቅለል ይላሉ። ይህ ግን ግንቡን ከደጅ አንሥቶ ወደ እልፍኝ ማዛወር ብቻ ነው፤ ተማሪው ያለ መስማት ይገባል፥ ያለ መስማትም ይወጣል። ሌሎች ደግሞ ማስተማሪያው ቋንቋ ይለወጥ ይላሉ። ይህ ክብደት ያለው አሳብ ነው፤ ነገር ግን በዲላ ግቢ የጌዴኦ፣ የሲዳማ፣ የኦሮሞ፣ የአማራ፣ የወላይታና የሌላውም ልጅ በአንድ አዳራሽ ይቀመጣል። የመጻሕፍቱም ዝግጅት የአንድ ትውልድ ሥራ ነው። ያ ትውልድ እስኪመጣ ድረስ ዛሬ በደጁ የቆመው ልጅ ምን ይሁን?

መልሱ ያለው ከላይ ልብ በል በተባለው ነገር ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረ ቤት ሁለት ደጅ አለው። በአንዱ ደጅ መምህራን ወጥተው ወደ ይርጋ ጨፌ፣ ወደ ወናጎ፣ ወደ ቡሌ፣ ወደ ኮቾሬና ከዚያም ወደ ራቁ አገሮች ይሄዳሉ። በሁለተኛው ደጅ እነዚያ መምህራን ያስተማሯቸው ልጆች ይመጣሉ። እንግዲህ በመግቢያው ደጅ የእንግሊዝኛ ፈተና የወደቀው ልጅ፥ ብዙ ጊዜ ከመውጫው ደጅ የወጣው መምህር ደቀ መዝሙር ነው። ፈተናው ልጁን የመዘነ ይመስላል፤ በእውነት ግን የመዘነው ዲላንና በአገሪቱ ያሉትን የመምህራን ማሠልጠኛዎች ሁሉ ነው። የቅኔ መምህር ክብሩ ባባረራቸው ተማሪዎች ብዛት አልተቈጠረም፤ በፊቱ ቆመው ቅኔ በተነገሩት ተማሪዎች ነው እንጂ።

ስለዚህ የቋንቋው ፈተና ውጤት በማኅደር ተዘግቶ መቅረት የለበትም። ተማሪው በገባ ጊዜ ማንበቡ፥ መጻፉ፥ መስማቱና መናገሩ ተለያይቶ ይመዘንና በሚገባው መደብ ይቀመጥ፤ ጉድለቱ የታየውም ነገር ወደ መጣበት ትምህርት ቤትና ወደ መምህራኑ ማሠልጠኛ ይመለስ። በክፍልም ውስጥ መምህሩ ጥልቁን አሳብ በተማሪው ቋንቋ አስረድቶ ስሙንና አገላለጡን በእንግሊዝኛ ቢያስይዝ አያስነቅፈውም። የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆመው እንዲህ ነው፤ ንባቡ በግእዝ፥ ምሥጢሩ በአማርኛ።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ዓለም የመሰከረለት ያ የእንሰት፣ የቡናና የዛፍ ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው በጌዴኡፋ ነው። የዚያ ጥበብ ወራሽ በዲላ ደጅ ቆሞ አላዋቂ ተብሎ ቢመለስ፥ የሚጐድለው ልጁ ብቻ አይደለም፤ በአገሩ ላይ የተተከለው ትምህርት ቤትም ከአገሩ ዕውቀት ይጐድላል። በመደብ ቢቀመጥና ቢማር ግን እንግሊዝኛውን ከመምህሩ፥ መምህሩም የማሳውን ዕውቀት ከእርሱ ያገኛል።