ሙታን ወዳጆች የሚነጋገሩበት መጽሐፍ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የፊዚክስ መጽሐፉን ገልጦ የመለኪያ አሃዶችን ምዕራፍ እንደ ተሻገረ የሚጠብቀው እንቅስቃሴ ነው። ከከፍታ የተለቀቀ ነገር ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ እየጨመረ እንደሚወርድ፣ የሚጓዘውም ርቀት ከጊዜው ካሬ ጋር እንደሚመጣጠን ይነገረዋል። ነገሩ በአንዲት መስመር ያልቃል፤ መምህሩም ሰሌዳውን አጥፍቶ ወደ ኒውተን ያልፋል። እኔ ግን ያች መስመር የወጣችበትን መጽሐፍ ካነበብሁ ወዲህ የማያት እንደ ሥነ ጽሑፍ ቅርስ ነው።

መጽሐፉ ስለ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች የሚናገር ሲሆን፣ የታተመው በ1638 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሆላንድ፣ በላይደን ከተማ ነው። ደራሲው ጋሊሊዮ ጋሊሊ ያን ጊዜ 74 ዓመቱ ነበር። መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች በማለቱ በሰኔ 1633 ሮም ላይ ተፈርዶበት፣ በፍሎረንስ አጠገብ በአርቼትሪ በቤቱ ውስጥ ታስሮ ይኖራል። ሥራዎቹ እንዳይታተሙ ተከልክሏል። በመከራው ጊዜ በደብዳቤ ታጽናናው የነበረችው መነኩሲት ልጁ ማሪያ ቸለስቴ በ1634፣ በ33 ዓመቷ አርፋለች። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ደግሞ የገዛ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር።

እንዲህ ያለው ሰው የጻፈው ጭውውት ነው። ሳልቪያቲ፣ ሳግሬዶና ሲምፕሊቾ የሚባሉ ሦስት ሰዎች ለአራት ቀናት ይነጋገራሉ። ሦስተኛው የአርስቶትል ጠበቃ ሆኖ የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ነው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ግን የጋሊሊዮ የልብ ወዳጆች ነበሩ። ሳልቪያቲ በ1614፣ ሳግሬዶ በ1620 ሞተዋል። ሽማግሌው በእስር ቤቱ ተቀምጦ ሙታኑን አስነሥቶ ያነጋግራል።

ሙግቱ የበላ ልበልሃን ወግ ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። አርስቶትል ከባዱ ከቀላሉ ይልቅ ፈጥኖ ይወድቃል ብሎ ነበር። ሳልቪያቲም ይጠይቃል፦ ከባዱን ድንጋይ ከቀላሉ ጋር ብናስረውስ? ቀላሉ ወደ ኋላ ስለሚጎትተው ከባዱ ፍጥነቱ ሊቀንስ ይገባል። ነገር ግን ሁለቱ አንድ ላይ ከከባዱ ብቻውን ይልቅ ይከብዳሉና፣ ሊፈጥኑም ይገባል። ባለጋራው በገዛ ቃሉ ተረታ።

ስለ ፒዛ ግንብ የሚነገረውን ታሪክ ያወራው ደቀ መዝሙሩ ቪቪያኒ ነው እንጂ ጋሊሊዮ ራሱ በዚህ መጽሐፍ አልጻፈውም። እርሱ የጻፈው ስለ አንድ ሳንቃ ነው። ርዝመቱ 12 ክንድ፣ በእኛ ልክ ወደ 7 ሜትር ይሆናል፤ በላዩ ቀጥ ያለ ቦይ ተቆፍሮ፣ ቦዩም በለሰለሰ ብራና ተሸፍኗል። የሳንቃውን አንድ ጫፍ በጥቂቱ ከፍ አድርጎ የነሐስ ኳስ ይለቅቃል። ቁልቁል የሚወድቅ ነገር ለዓይን እጅግ ይፈጥናልና፣ አወዳደቁን በዘዴ አዘገየው። ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ስላልነበረው ኳሱ በሚወርድበት ጊዜ ከትልቅ ዕቃ በቀጭን ቧንቧ የሚፈሰውን ውሃ እያጠራቀመ በሚዛን ይመዝናል፤ የውሃው ክብደት ጊዜ ሆነለት። ይህንንም መቶ ጊዜ ያህል ደጋግሜዋለሁ ይላል። በመጀመሪያው የጊዜ ክፍል አንድ እጅ የተጓዘ፣ በሁለተኛው ሦስት፣ በሦስተኛው አምስት፣ በአራተኛው ሰባት እጅ ይጓዛል። ቢደመሩ 1፣ 4፣ 9፣ 16 ይሆናሉ፤ የተማሪው ቀመር ይኸው ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አንዳንድ የታሪክ ሊቃውንት እንዲህ ባለ መሣሪያ ይህን ማግኘት አይቻልም ብለው ተጠራጥረው ነበር። ቶማስ ሴትል የተባለ ተመራማሪ በ1961 ሳንቃውንም ውሃውንም እንደ ተጻፈው ሠርቶ ቢሞክረው ግን ልኩ ተገኘ።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ክፍል ሦስተኛው ቀን ነው። ሳልቪያቲ የወዳጃችን ሥራ ነው ብሎ በላቲን የተጻፈውን ድርሳን ያነብባል፤ ሦስቱ በሚናገሩት በጣልያንኛ ያብራሩታል። (በእንግሊዝኛ ተጽፎ በአማርኛ የሚብራራ ትምህርት የተማርን ሰዎች ይህን ሥርዓት በሚገባ እናውቀዋለን።) እዚህ ላይ ሳግሬዶ ጣልቃ ይገባና አንድ ሐሳብ ያቀርባል፦ የወዳቂው ፍጥነት ከወረደው ርቀት ጋር እኩል ይጨምራል ብንልስ? ሐሳቡ ለማንም ጀማሪ ተማሪ እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን ስሕተት ነው፤ ፍጥነት የሚመጣጠነው ከጊዜ ጋር ነው። ጋሊሊዮ ራሱ በ1604 ለፓኦሎ ሳርፒ በላከው ደብዳቤ ይህንኑ ጽፎ ነበር፤ ከዚያች ደብዳቤ እስከ መጽሐፉ 34 ዓመት አለ። ጓደኛው ሲሳሳት ሳልቪያቲ አያፍርበትም። በዚህ ስሕተት ባልንጀራ ማግኘቱ እንደሚያጽናናው ይነግረዋል፤ ደራሲያችንም ለጥቂት ጊዜ እንደዚሁ አስቦ እንደ ነበር ይጨምርለታል።