ቢጫው ጀሪካን ለምን ይሰነጠቃል? ፕላስቲክና በውስጡ የሚደባለቁት ኬሚካሎች

በኬንያዊቷ ሞያሌ ውሃ የሚቀዳውም የሚከማቸውም በአብዛኛው በቢጫ ጀሪካን ነው። 20 ሊትር የሚይዘው ይህ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ወደ ከተማዋ የሚገባው የምግብ ዘይት ተሞልቶ ነው። ዘይቱ ሲያልቅ ለውሃ፣ አንዳንዴም ለወተት ይውላል። ሲሰነጠቅ ደግሞ አፉ ተቆርጦ የእንስሳት ማጠጫ ይሆናል።

በዚህ ረጅም አገልግሎት ውስጥ ዕቃው ከምን እንደተሠራ የሚናገረው ምልክት አንድ ብቻ ነው። እርሱም ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ቀስቶች ተከቦ የታተመው ቁጥር ነው። ከ1 እስከ 7 የሚሄደው ይህ አቆጣጠር እአአ በ1988 በአሜሪካ የፕላስቲክ አምራቾች ማኅበር የወጣ ሲሆን፣ የሚያመለክተው የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው። በውስጡ ምን እንደተደባለቀ አይናገርም። የዕቃውን ዕድሜና ደኅንነት ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ግን ይኸው ድብልቅ ነው።

ፕላስቲክ የአንድ ነገር ስም አይደለም። ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ያሏቸው፣ ፖሊመር የሚባሉ በርካታ ቁሶች የጋራ መጠሪያ ነው። ቁጥር 2 የሚታተምበት የጀሪካኑ ፖሊኤትሊን ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስም ይቀልጣል። በተለምዶ ‘ሃይላንድ’ የሚባለው የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት በበኩሉ ከውሃ ስለሚከብድ ስባሪው ይሰጥማል። የፕላስቲክ ወንበር በብዛት የሚሠራው ፖሊፕሮፕሊን ከተባለው ሲሆን፣ ሙቀትን ከፖሊኤትሊን በተሻለ ይቋቋማል።

አብዛኞቹ ፖሊመሮች ብቻቸውን ለገበያ አይበቁም። ለዚህ ከፒቪሲ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ፒቪሲ በባሕርዩ ደረቅ ነው፤ የፍሳሽ ቧንቧ የሚሠራውም ከእርሱ ነው። ፍታሌት የተባሉ ማለዘቢያ ኬሚካሎች ሲጨመሩበት ግን የሚተጣጠፍ የውሃ ጎማ፣ ሰው ሠራሽ ቆዳ ወይም የደም ከረጢት ይሆናል። በደም ከረጢት ውስጥ የማለዘቢያው ድርሻ ከክብደቱ ከ30 እስከ 40 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ቧንቧውና ከረጢቱ በኬሚስት ዓይን አንድ ፖሊመር ናቸው፤ በእጅ ለሚዳስሳቸው ሰው ግን ምንም አያመሳስላቸውም።

ማለዘቢያው ከፖሊመሩ ጋር በኬሚካል ትስስር አልተጣበቀም። በሰንሰለቶቹ መካከል ገብቶ የተቀመጠ እንግዳ ነውና ቀስ በቀስ ይወጣል። ሙቀትና ቅባት ደግሞ መውጣቱን ያፋጥኑታል። የአሮጌ ጎማ መድረቅና መሰነጣጠቅ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የወጣው ኬሚካል የሚደርሰው ወደ ውሃ፣ ወደ ምግብ ወይም ወደ አፈር ነው። አንዳንድ ፍታሌቶች የሰውነትን የሆርሞን ሥርዓት እንደሚያውኩ ስለታወቀ የአውሮፓ ኅብረት በሕፃናት መጫወቻዎች ውስጥ ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጡ ከልክሏል።

ጠንካራው የጀሪካን ፖሊኤትሊን ማለዘቢያ አያስፈልገውም። የእርሱ ጠላት ፀሐይ ናት። አልትራቫዮሌት ጨረርና ኦክስጅን ተባብረው የሞለኪውሉን ሰንሰለት ይቆራርጣሉ፤ የዕቃው ገጽ ይደበዝዛል፣ ዱቄት መሰል ነገር ያወጣል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 3.5 ዲግሪ ገደማ ላይ በምትገኘው ሞያሌ ይህ ሂደት ፈጣን ነው። አምራቾች ጨረሩን የሚከላከሉ ኬሚካሎችን በጥቂቱ ይጨምራሉ፤ ዋጋ ለመቀነስ ሲፈልጉ ግን ሊያሳንሷቸው ይችላሉ፤ ገዢውም ልዩነቱን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በየጣሪያው የሚታየው ጥቁር ሮቶ ጥቁር የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆን የካርቦን ጥላሸት ጨረሩን ውጦ ፕላስቲኩን ለዓመታት ያቆየዋል።

መከላከያዎቹም ቢሆኑ ከጥያቄ ነፃ አይደሉም። ዩቪ-328 የተባለው የጨረር መከላከያ በአካባቢና በሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ እአአ በ2023 የስቶክሆልም ስምምነት ከሚያስወግዳቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ገብቷል።

የወተት ጉዳይ ለብቻው መታየት ይኖርበታል። ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ኢሲዮሎ የግመል ወተት በጀሪካን ተጭኖ ወደ ዋና ከተማዋ ይጓጓዛል። ቦረናዎች ለወተት የሚገለገሉበት ጎርፋ ከእጽዋት ጭረት ተሰፍቶ የሚሠራ ሲሆን፣ በፍም ይታጠናል። ጢሱ ለወተቱ ጣዕም ይሰጠዋል፣ ጀርሞችንም ይቀንሳል። በፍም ሙቀት የሚቀልጥ ጀሪካን ግን እንዲህ ሊታጠን አይችልም፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እጅ ገብቶ አያጥበውም፤ በውስጡ የሚፈጠሩት ጭረቶችም የባክቴሪያ መሸሸጊያ ይሆናሉ። ጀሪካን ቀላል፣ ርካሽና የማይሰበር በመሆኑ ገበያውን አሸንፏል፤ በንጽሕና በኩል ግን ከጎርፋ የተሻለ ነው ማለት ያስቸግራል።

በፌስታል ረገድ ሁለቱ ሞያሌዎች ለዓመታት በሁለት ሕግ ኖረዋል። ኬንያ የፕላስቲክ ከረጢትን እአአ ነሐሴ 28 ቀን 2017 ያገደች ሲሆን፣ ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት ይደርሳል። በኢትዮጵያ በኩል በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ይከለክል የነበረው ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ፣ የማይበሰብሱ ከረጢቶችን ማምረትና ማስገባት ነበር። በመሆኑም ከድንበሩ ወዲህ ያለ ሥጋት የሚያዝ ከረጢት ጥቂት እርምጃ ሲሻገር በሕግ ያስጠይቅ ነበር። የኢትዮጵያ ፓርላማ በአንድ ጊዜ መጠቀሚያ የፕላስቲክ ከረጢቶች ላይ ጠቅላላ እገዳ የሚጥል አዋጅ ያጸደቀው በ2017 ዓ.ም. ነው።

‘ይበሰብሳል’ የሚለው ቃልም ቢሆን አሳሳች ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ከረጢቶች ውስጥ የሚጨመሩ የብረት፣ የኮባልት ወይም የማንጋኒዝ ጨዎች ፕላስቲኩ በፀሐይና በአየር ቶሎ እንዲፈረካከስ ያደርጋሉ። ከረጢቱ ከዓይን ቢጠፋም ደቃቅ ስባሪዎቹ በአፈሩ ውስጥ ይቀራሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከእነዚህ የተሠሩ ምርቶችን እአአ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ከገበያ አግዷል።

በኖርዌይ የምርምር ምክር ቤት ድጋፍ የተካሄደና እአአ በ2024 ይፋ የሆነ ጥናት ከፕላስቲክ ጋር የተያያዙ ከ16,000 በላይ ኬሚካሎችን መዝግቧል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ4,200 የሚበልጡት አሳሳቢ ተብለዋል። ዓለም አቀፍ የፕላስቲክ ስምምነት እንዲዘጋጅ እአአ መጋቢት 2022 በናይሮቢ ተወስኖ ነበር። ነገር ግን እአአ ነሐሴ 2025 በጄኔቫ የተካሄደው ድርድር ያለ ስምምነት ተበትኗል። ካላግባቧቸው ነጥቦች አንዱ እነዚህን ኬሚካሎች የመቆጣጠር ጉዳይ ነበር።

ጀሪካን ለሚገዛ ሰው ዋናው ጥያቄ ከዚህ በፊት ምን ተይዞበታል የሚለው ነው። ፖሊኤትሊን ነዳጅንና ቅባታማ ኬሚካሎችን ወደ ውስጡ ስለሚመጥ፣ ጋዝ የተያዘበት ጀሪካን በተደጋጋሚ ቢታጠብም ሽታው አይለቅም። የፀረ ተባይ መርዝ መያዣ ደግሞ ለውሃም ሆነ ለምግብ ፈጽሞ መዋል የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የሚመክሩት እንዲህ ያለው ዕቃ ሦስት ጊዜ ከተለቀለቀ በኋላ ዳግም ማንም እንዳይገለገልበት እንዲበሳ ነው።