ቡና ማሽኑ ለምን በእጅ ይጎተታል?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ባለ እጀታ የቡና ማሽን (ያ እጀታው ወደ ታች የሚጎተተው) እቤቱ ከቧንቧ ጋር አገናኝቶ ሊተክል እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ደግሞ "ቲቸር፣ ኤሌክትሪክ እያለ ይሄ ነገር ለምን በእጅ ይጎተታል?" አለኝ። ኢንቦክስ ላይ መልስ ስጽፍለት ረዘመብኝና እዚህ አመጣሁት። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ እንዳትደናገሩ።

ብዙ ሰው "ኤስፕሬሶን የፈጠረው ማነው?" ብላችሁ ብትጠይቁት አንድ ስም ይነግራችኋል። ክፍል ውስጥም ሁሌ የምጣላው ከዚህ አንድ ሰው ከሚባል ነገር ጋር ነው። በ1884 ቱሪን ከተማ በተካሄደው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ አንጀሎ ሞሪዮንዶ የሚባል ሰው በእንፋሎት የሚሠራ ማሽን አሳየ፣ ፓተንትም አወጣበት። የሱ ማሽን ግን ቡናውን በብዛት ነበር የሚያፈላው እንጂ ለእያንዳንዱ ደንበኛ በየስኒው አልነበረም። በየስኒው እንዲሆን ያደረገው የሚላኖው ሉዊጂ ቤዜራ ነው፣ በ1901። የተፈጨው ቡና የሚገባበትንና ከማሽኑ ጋር የሚቆለፈውን ባለ እጀታ ማጥለያ የምናገኘው እዚህ ላይ ነው። ቤዜራ ግን ገንዘብ አልነበረውም። ፓተንቱን ዴዚዴሪዮ ፓቮኒ ገዛውና በ1905 ማምረት ጀመረ። ፈጣሪው ሌላ፣ ገበያ ያወጣው ሌላ። የታወቀ ታሪክ ነው።

እነዚህ ማሽኖች እንደ ሐውልት ቀጥ ብለው የቆሙ፣ አናታቸው ላይ ጌጥ ያላቸው፣ ሲያዩዋቸው የሚያምሩ ነበሩ። ችግራቸው ውሃውን በቡናው ውስጥ የሚገፋው እንፋሎት መሆኑ ነው። የእንፋሎቱ ግፊት ከ2 ባር የማይዘል ነበር፣ ሙቀቱ ግን ቡናውን ያሳርረዋል። ስለዚህ የዚያን ዘመን ኤስፕሬሶ ጥቁር፣ መራራ፣ ላዩ ላይ አረፋ የሌለው ነገር ነው። ዛሬ ቀርቦላችሁ ቢሆን "ይሄ ምንድነው?" ብላችሁ ትመልሱት ነበር።

አኪሌ ጋጂያ የሚላኖ ቡና ቤት ሰው ነው። ይሄንን የማረር ጣዕም ለማጥፋት ሲታገል ቆይቶ በ1938 ያለ እንፋሎት፣ በፒስተን ግፊት ለሚሠራ መሣሪያ ፓተንት አስገባ። (1938 ላይ ትንሽ ቆም በሉ፤ ያኔ አዲስ አበባ በፋሺስት እጅ ነች፣ አርበኞቹ ደግሞ ጫካ ናቸው። ሚላኖ ላይ አንድ ሰው ስለ ቡና አረፋ ይጨነቃል። ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም፣ ዘመኑን አንድ ላይ እንድታዩት ብዬ ነው።) ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ሞላና እጀታ ያለውን አሻሽሎ አወጣ፣ በ1948 ድርጅቱን አቋቋመ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እጀታውን ወደ ታች ስትጎትቱ ፒስተኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሞላው ይጨመቃል፣ ከፒስተኑ ሥር ባለው ክፍት ቦታ ሙቅ ውሃ ይገባል። ስትለቁት ሞላው ተመልሶ እየተዘረጋ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋል፤ ውሃው በቡናው ውስጥ ያልፋል። ግፊቱ ከ2 ባር ተነስቶ 8 እና 9 ባር ገባ። ያኔ ነው ቡናው ላይ ያ ወርቃማ አረፋ የታየው። ጋጂያም ማሽኖቹ ላይ "ያለ እንፋሎት ይሠራል" የሚል ጽሑፍ አስለጠፈ። የስኒው ማነስም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ፒስተኑ ሥር የሚገባው ውሃ የተወሰነ ስለሆነ የሚወጣውም ቡና ትንሽ ነው።

በነገራችን ላይ "ሞላ" የሚለው ቃላችን ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ጋራዥ ሄዳችሁ "ሞላው ተሰብሯል" ስትባሉ ሚላኖ ላይም የሚገባቸውን ቃል ነው የምትሰሙት። ቶሞካ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በ1953 ነው፣ ጋጂያ ድርጅቱን ካቋቋመ ገና 5 ዓመቱ። ማኪያቶም እንደ ሞላ ከዚያው መጥቶ የኛ ሆኖ ቀረ። ፍሬው ከኛ ሄደ፣ ቃሉና ማሽኑ ከነሱ መጣ። የትኛው ይበልጣል የሚለውን ለናንተ ትቻለሁ፤ እኔ ጀበናዬን አልቀይርም።

እጀታው ግን ጉልበት ይጠይቃል። ቀኑን ሙሉ ሲጎትት የሚውለውን ሰው ክንድ አስቡት። ይባስ ብሎ ቡናው ከረር ብሎ ካልተጠቀጠቀ ወይም ጭራሽ ካልገባ፣ ሞላውን የሚይዘው ነገር የለም፤ እጀታው ተስፈንጥሮ አገጭ ይመታል። በ1961 ፋኤማ ኢ61 የሚባለውን ማሽን አወጣ፣ ስሙን የሰጡት በዚያ ዓመት ከታየው የፀሐይ ግርዶሽ ነው። በሱ ውስጥ ውሃውን የሚገፋው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሆነ። ክንድ አረፈ። ቡና ቤቶች አብዛኞቹ ወደዚያ ሄዱ። እኔ ይሄንን እድገት ነው የምለው፣ "የድሮው ይሻላል" የሚሉት ሰዎች ቀኑን ሙሉ ጎትተው አያውቁም!

እሺ፣ ታዲያ እቤት ለምን ይፈለጋል? ቤት ውስጥ በቀን 4 ስኒ ነው፣ ክንድ አይደክምም። ከዚያ በላይ ደግሞ ሞላው እየተዘረጋ ሲሄድ ጉልበቱ ይቀንሳል (የፊዚክስ መምህራን እዚህ ጋ ግቡ)፣ ስለዚህ ግፊቱ በ9 ጀምሮ ወደ መጨረሻው እየላላ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የሚወጣውን መራራ ክፍል ስለማያስጨንቀው ቡናው ለስለስ ይላል።

አሁን ላንተ፣ ለጠያቂው። ግፊቱን የሚሰጠው ሞላው ስለሆነ የሰፈርህ ውሃ ግፊት ደከም ቢል ቡናህ አይበላሽም፤ ቧንቧው ሥራው ውሃ ማቅረብ ብቻ ነው። ችግሩ ፈረቃው ነው። ውሃ ሄዶ ቦይለሩ ባዶ ሲሆን ማሞቂያው ይቃጠላል። ስለዚህ ከሮቶህ አስገባው እንጂ ከመንገድ መስመር በቀጥታ አታስገባው፤ ማሽኑም ውሃ ሲያልቅ ማሞቂያውን በራሱ የሚያጠፋ መሆኑን ሳታረጋግጥ አትግዛ። የሮቶው ከፍታ ካልበቃ ትንሽ ፓምፕ ያስፈልግሃል፤ ግፊቱ ከበዛ ደግሞ መቀነሻ፣ 3 ባር አካባቢ ይበቃል። ማጣሪያ ግድ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረው ነጭ ነገር ቦይለር ውስጥም ይጋገራል፣ እዚያ ደግሞ በእጅህ አትደርስበትም። ማሽኑ ጋ ለብቻው የሚዘጋ ቫልቭ አስገጥም፣ ከቤት ስትወጣ ዝጋው። ቧንቧ ሠራተኛው ሲመጣም ሰው ሁሉ መግቢያውን እያሰበ መውጫውን ይረሳል፣ ከስኒ ማስቀመጫው ሥር የሚጠራቀመው ውሃ የሚሄድበት ፍሳሽም ይዘርጋልህ።