ብቻን የማይውሉት በዓል

ገና በአማርኛ የበዓል ስም ብቻ አይደለም፤ የጨዋታው ስምም ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ያለው የኦሮሞ ገበሬም በዓሉን በቋንቋው «አያና ቂሌ» ሲል በዚያው ጨዋታ ይጠራዋል። ሁለት ቋንቋዎች ልደትን በጨዋታ ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በዓሉ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስም ታኅሣሥ 28 ሲውል፣ ጊዜው አዝመራ የሚሰበሰብበት ነው። ነዶው የተነሣለት ማሳ ለሩር ይለቀቃል፤ የላይኛው መንደር ከታችኛው ይገጥማል። ለብቻ የሚጫወቱት ገና የለም።

በዚያች ዕለት የሎሌው ዱላ የጌታውን ቅልጥም ቢያገኝ ቁጣ አልነበረም። ይሁን እንጂ በማግሥቱ ጌታው ጌታ፣ ጭሰኛውም ጭሰኛ ሆኖ ይቀጥል ነበር። ጭሰኝነትን የሻረው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ እንጂ ጨዋታው አይደለም። ጨዋታው ያደረገው ሰዎች እኩል መቆም እንደሚችሉ በዓመት አንድ ቀን ማሳየት ነው።

በሌላው ዓለም በዓል ከቤትና ከጎረቤት የሚሸሹበት ሸቀጥም ሆኗል። የሐምቡርጉ የመርከብ ኩባንያ መሪ አልበርት ባሊን፣ በክረምት የአትላንቲክ መንገደኛ ሲሳሳ ሥራ የፈታችውን «አውጉስታ ቪክቶሪያ»ን በጥር ወር 1891 እ.ኤ.አ. ለሽርሽር ወደ ሜዲትራኒያን ላካት። ከዚህ የመርከብ ሥራ መፍታት የበቀለው ንግድ ዛሬ የገናን ሰሞን ሳይቀር ይሸጣል። ክፍሉ የሚተመነው ለሁለት ሰው በመሆኑ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ይከፍላል፤ ብቸኝነትም ዋጋ ወጥቶለታል ማለት ነው። ከወለሉ በታች ሳህን የሚያጥበው ሠራተኛ ግን በዓሉን በሥራ ይውላል።

ይህ የኋለኛው ሰው ለአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች እንግዳ አይደለም። የጅማ መንገድ በሰበታ፣ የወለጋው በቡራዩ፣ የጎጃሙ በሱሉልታ ያልፋል፤ በገና ዋዜማ አገር ቤት የሚገባው መንገደኛ በእነዚህ በሮች ይወጣል። በእነዚሁ በሮች ለእንጀራ የገባ ወጣት ግን ሁልጊዜ አይመለስም። በሰበታ የቢራ ፋብሪካ መፍላት የጀመረ ጥንስስ በዓል አያውቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕዝብ በዓል ለተሠራ ሰዓት እጥፍ ደመወዝ እንዲከፈል ይደነግጋል። ሕጉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በኪራይ ክፍል ብቻውን ለሚያመሸው ሠራተኛ የጨዋታ ጓድ አይተካለትም።

የተጫወተበት ሜዳም እየጠበበ ሄዷል። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ጋር ያቀደው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. የቀሰቀሰው ተቃውሞ፣ ብዙ ሕይወት ካስከፈለ በኋላ ዕቅዱ በ2008 ዓ.ም. እንዲተው አድርጓል። ጥያቄው በመሠረቱ የመሬት ነበር፤ ማሳ ወደ ቦታ ሽንሻኖ ሲለወጥ ከእህሉ ጋር የሩሩ ሜዳም አብሮ ይጠፋል። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል።

እንግዲህ ባህልን መጠበቅ ቆልማማ ዱላን በሙዚየም መስቀል ብቻ ሊሆን አይችልም። መምህሩ ጨዋታውን ለተማሪው ያስተምር፤ የኪነት ሰው ከአደባባይ ያውጣው፤ የከተማው አስተዳደርም ሜዳ ይከልልለት። ከፈረቃ የወጣው ሠራተኛ ዱላ ይዞ የሚገባበት ወገን ሲያገኝ፣ ገና ዳግመኛ ስሙን ይመስላል።